ማሻአላህ ሳልል ያየኋቸው ዘጠኝ ዓሦች

ዘጠኝ ዓሣ በዓይንህ ገደልክ ተባልኩ። ያለኝ የእህቴ ባል ጀማል ነው፣ ያለውም ጓዳ ውስጥ አይደለም፣ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ሚኒባስ የሚጠብቀው ሰውና የተሰለፈው ባለባጃጅ ሁሉ እየሰማ ነው። አልገደልኳቸውም። ይኼ አስቀድሞ ይታወቅልኝ፣ የቀረውን እንደ ወዳጅ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

ይማም እባላለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በታንኳ ኖሬአለሁ፣ ከዚህ ሐይቅ ያወጣሁት ቆሮሶና አምባዛ ቢደረደር ደሴ ደርሶ ይመለሳል፣ ዓሣ ለመግደል ዓይን አያስፈልገኝም፣ መረብ አለኝ። ስለ ዓይንና ስለ ቡዳ ወሬ ሲጀመር ጫማዬን አጥልቄ የምወጣ ሰው ነኝ። ጂን የለም አላልኩም፣ በቁርኣን የተነገረ ነው፣ ግን ጂን ከእኔ ዘንድ ምን ጉዳይ አለው ባይ ነበርኩ፣ ስንት ጊዜ ብቻዬን ውኃው ላይ አድሬ ከትንኝ በቀር የጎበኘኝ የለም። አሁንም አምናለሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ ያየሁትን ነው፣ ያየሁት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ አንተ ራስህ ፍረድ።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ በዘሀራ ነው። ዘሀራ ጂዳ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ መጣችና አስፋልቱ ዳር የሻይና የዓሣ ጥብስ ቤት ልከፍት ነው አለች፣ መልካም፣ እኔም ዓሣውን ላቀርብ ተስማማን። ከዚያ ደግሞ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ ዓሦች እፈልጋለሁ አለች።

«ዘሀራ፣ ሐይቁ እኮ እዚያ ነው፣ ዞር ብለሽ እዪው» አልኳት።

«ወንድምዓለም፣ አንተ አልገባህም» አለችኝ። «ጂዳ የነበርኩበት ቤት ሳሎኑ ውስጥ አንድ ነበራቸው፣ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አገሬ ሲናፍቀኝ ከፊቱ ቁጭ እል ነበር። ሌላ ያለቀስኩበት ቦታ የለኝም።»

እኔ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚባል የማላውቅ ሰው ነኝ፣ የማውቀው ሥራ ስለሆነ ሥራውን ተቀበልኩ። መስታወቱ ደሴ ተቆረጠ፣ አንድ ሜትር ርዝመት በግማሽ ሜትር ከፍታ፣ በሲሊኮን ተጣበቀ፣ አየር የሚነፋውን ትንሽ ፓምፕና ማጣሪያውን እሷ በሻንጣዋ ይዛው መጥታ ነበር። የታንኳ ጓደኞቼ በመጡ ቁጥር «ሲበስል ንገረን» እያሉ ያላግጡብኝ ነበር።

ዓሦቹን ከአዲስ አበባ የሚሸጥላት ሰው፣ አላህ ይስጠው፣ እንዴት እንደሚያዝ በአማርኛ ሁለት ገጽ ጽፎ ላከላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ በጎልማሶች የማታ ትምህርት፣ ከዚያ በፊት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ስለዚህ ያቺ ወረቀት ለሌላው ወረቀት ነች፣ ለእኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳያነብልኝ አንብቤ ሥራ የሠራሁባት ነች። በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኳት፣ አንድ መስመር ሳልዘል።

መስታወቱን በሳሙና እንዳታጥቡ ይላል፣ በውኃ ብቻ አጠብኩ። አሸዋው ሲታጠብ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ ይላል፣ ወላሂ ወገቤ እስኪቆረጥ አጠብኩት። የቧንቧ ውኃ የሚጨመርበት መድኃኒት እንዲወጣለት ሁለት ቀን በክፍት ዕቃ ይደር ይላል፣ አሳደርኩት። ከዚያ ከሁሉ የገረመኝ መጣ፣ ገንዳው ሞልቶ ማጣሪያው እየሠራ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆይ፣ በየቀኑ ቁንጥር መኖ ብቻ ጣሉበት፣ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ በሊታ ነገር በአሸዋው ላይ ይራባል፣ እሱ ሳይኖር ዓሣ ካስገባችሁ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል ይላል። ጀማል ሳቀ፣ «ባዶ ውኃ ሲያበሉ ዋሉ?» እያለ፣ አይ ጊዜ፣ ያኔ እንኳ «አንተ» አላለኝም፣ ታላቁ ስለሆንኩ አንቱ ይለኝ ነበር። አበላሁ። ስድስት ሳምንት ባዶ ውኃ አበላሁ።

ወረቀቱ ደግሞ የምታስገቧቸው ዓይነቶች አብረው ሲኖሩ የማይበላሉ ይሁኑ ይላል። ይኼንን ለሰውም በጻፉት ብዬ አለፍኩት።

ዓሦቹ የመጡት ሦስት ሦስት ሆነው በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ በአንዴ እንዳይበዙ ተብሎ። መጀመሪያ ጅራተ ቀዮቹ፣ ቀጥሎ ባለ መስመሮቹ፣ መጨረሻ ላይ አሸዋውን እየለቀሙ የሚያጸዱት። በፕላስቲክ ከረጢት እንዳሉ ውኃው ላይ አንሳፍፋቸዋለሁ፣ ሙቀቱን እስኪለምዱ፣ ከዚያ እለቃቸዋለሁ። ለጣት ያህል እንኳ አይሞሉም፣ ቢጠበሱ የድመት ምሳ አይወጣቸውም፣ ግን እመነኝ ለመድኳቸው። ጠዋት ከሐይቁ ስመለስ መጀመሪያ የማያቸው እነሱን ሆኑ።

ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ከገንዳው አጠገብ በፕላስተር ለጥፌአት ነበር። የመጨረሻው መስመር በትልልቁ ተጽፏል፣ ከዚህ ወረቀት ውጪ ምንም ነገር ወደ ውኃው አታስገቡ። አንድ ቀን የጀማል እናት እማማ ፋጡማ መጡና ቆመው አዩዋት።

«ይማሜ፣ ይች ምን ትላለች?» አሉኝ።

እጄ እርጥብ ነበር፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። «ማንበብ ለሚችል ናት፣ እማማ» አልኳቸው።

እሺ ብለው ሄዱ። ይቺን ያዝልኝ።

ቤቱ የተከፈተው ቅዳሜ ነው። ዱዓ ተደረገ፣ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ እየመጣ ገንዳውን ያያል፣ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላል፣ በእኛ አገር የሚያምር ነገር አይተህ ማሻአላህ ካላልክ ዓይንህ ያርፍበታል ይባላል። እኔ አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ብትጠይቀኝ፣ ክፋት አልነበረኝም፣ እየቆጠርኳቸው ነበር፣ አሸዋ ለቃሚዎቹ ድንጋይ ሥር ይደበቃሉ፣ ስድስት አገኛለሁ፣ ስምንት አገኛለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። የሠራሁትን ራሴ ማድነቅም አላውቅበትም። ለካ ሁሉም ያየኝ ነበር፣ ይማም ያን ያህል ጊዜ ቆሞ አፍጥጦ አንድ ቃል አልወጣውም።

እሑድ ጠዋት ዘጠኙም ተንሳፍፈዋል። ሆዳቸው ወደ ላይ። ውኃው ፊት ላይ ቀለማም ስስ ቆዳ ነበር፣ ናፍጣ የፈሰሰበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው፣ አየሁት፣ ግን ጀማል መጥቶ መጮህ ስለጀመረ ምን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም።

«ማሻአላህ ማለት ምን ይከብድሃል? ምላስህ ይቆረጣል?» አለኝ፣ ያንን «አንተ» ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፣ እስከ አስፋልቱ እየተከተለኝ። «ሊቁ! በሽበቱ ፊደል የቆጠረው! ወረቀት አንብቤአለሁ እያለ፣ ዓሦቹን በዓይኑ ጨረሳቸው! ስሙ ሰዎች፣ የዚህን ሰው ዓይን ተጠንቀቁ!»

ዘሀራ ከበሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ለእኔ ይሁን ለዓሦቹ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የወሎ ሰው ከሆንክ ልነግርህ አይገባም። ምግብ ቤት ስገባ ሳህን ይከደናል። ልጅ ያዘለች ሴት ስታየኝ ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ትስባለች። ዓሣዬን አሥራ ሁለት ዓመት የገዛችኝ ደንበኛዬ «ዛሬ ዓሣ አላሰኘኝም» ብላ፣ ከጎኔ ካለው ከሌላው ሁለት ቆሮሶ ገዝታ ሄደች። መስጊድ ስገባ ከጎኔ ያለው ሰው አንድ ክንድ ይሸሻል፣ ሶላት ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው፣ በእኔና በሱ መካከል ግን ክፍት ቦታ አለ። እንዲህ ሆኖ ሰው ይኖራል? በታንኳዬ ላይ ሆኜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሸጬው ወደ ኮምቦልቻ ሄጄ ቀን ሥራ ልሥራ እንዴ እያልኩ አስብ ነበር፣ እዚያ የሚያውቀኝ የለም።

ሳህን ያልከደነብኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ የእማማ ፋጡማ። እንዲያውም በየሁለት ቀኑ በሳህን ምግብ ይልኩልኛል፣ ምንም መልእክት የለው፣ ሳህኑ ብቻ። ደግ ሴት ናቸው ብዬ እበላለሁ።

አራተኛው ዓርብ መጣ። ዘሀራ ደሴ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ጎራ ብላ ቁልፍ ሰጠችኝ።

«ጀማል ገንዳውን ሊሸጠው ሰው አገኘ» አለችኝ። «አሸዋውን አውጣልኝ፣ ባዶውን ይወስደዋል። እኔ ማየት አልችልም።»

«መቼ ልግባ?»

«ጁምዓ ሶላት ላይ። እሱ አይኖርም። አብሽር ወንድምዓለም፣ ሁሉም ያልፋል።»

ወደ ጁምዓ አልሄድኩም ያን ቀን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያ ክፍት ቦታ ነው ያስቀረኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ የኢማሙ ኹጥባ፣ ስብከቱ፣ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። በሩን ክፍት ትቼ ባልዲዬን አስቀመጥኩ። ገንዳው አንድ ወር ያለ ማጣሪያ ቆሞ ውኃው አረንጓዴ ሆኗል፣ የፓምፑ ገመድ ተጠቅልሎ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። ይኼን አስምርበት፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ነበር።

እጅጌዬን እየጠቀለልኩ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፓምፑ ሲሠራ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ከሁለት ወር በላይ ሰምቼዋለሁ፣ አልሳሳትም። ገመዱን አየሁት፣ ጫፉ እዚያው ነው፣ ምንም አልነካም። የቧንቧ ይሆናል ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ፣ ቧንቧው ደርቋል። ስመለስ ድምፁ ቆመ። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፣ ሰው ሲጨንቀው የመጣለትን ነው የሚለው።

ቀጥሎ መስታወቱ ተመታ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከግድግዳው ከሚጠጋው ጥግ፣ በጥፍር እንደሚመታ ያለ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ኹጥባው አይሰማኝም። ኢማሙ ጨርሰው አይደለም፣ ጆሮዬ ነው፣ ከታንኳ ወድቀህ ውኃ ሥር ስትገባ እንደሚሆነው፣ ዓለም ሁሉ ራቅ ብሎ የገዛ ደምህ ብቻ የሚሰማህ እንደዚያ ሆነብኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ናት፣ ውሻ እንኳ ሲያልፍ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ምንም የለም። ባዶ ነው። ከዚያ በዚያ ጥግ በኩል አሸዋው አንድ አፍ ሙሉ ያህል ተነሳ፣ ወደ ላይ ከፍ አለ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተጓዘና ተተፋ።

ቀልድ አይደለም፣ ወዳጄ። ወንድ ቆሮሶ ጎጆ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ? እኔ በጠራ ቀን ከታንኳዬ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ በአፉ አሸዋ እያነሳ ወዲያ እየወሰደ ይተፋል፣ እንደ ሳህን የተስተካከለ ጉድጓድ እስኪሆንለት አያርፍም። ልክ እንደሱ ነው። አንድ ጊዜ ተነሳ፣ ተተፋ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የሚያነሳው ግን የለም። አፍ የለም፣ ክንፍ የለም፣ ጥላ የለም። ጉድጓዱ ዓይኔ እያየ ክብ እየሆነ ሄደ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ባለሙያ የሠራው።

ልሮጥ ፈለግሁ። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፣ እግሬ ደህና ነበር፣ ያስቀረኝ ንዴቴ ነው። እጄ ሳይኖርበት ዘጠኝ ዓሣ ገደልክ ተብያለሁ፣ አሁን ደግሞ ሮጬ ብወጣ ምን ሊሉኝ ነው? «አውዙ ቢላህ» አልኩ፣ ድምፄን ራሴ አልሰማሁትም።

አራተኛው አሸዋ ሲነሳ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ቢስሚላህ ብዬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥጉ ጋ ስደርስ ግን ሞቀ፣ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ ወንበር ያለ ሙቀት ነው፣ ጣቴን ትንሽ ለስላሳ ነገር ነካኝና ሸሸ፣ ይኼን አልምልበትም፣ የራሴ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ያቺን ብልጭ ያለችዋን ይዤ ወጣሁ።

ልክ እጄ ከውኃው ሲወጣ ኹጥባው ተመለሰ፣ እንደተከፈተ ሬዲዮ። 

የሽቶ ብልቃጥ ነበረች። ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ቀለም ክር የታሰረባት፣ አረንጓዴ ክዳኗ ግማሽ የላላ። አሸተትኳት፣ የዘይት ሽቶ ነው፣ ከባዱ፣ ልብስህን አንዴ ከነካ ሳምንት የማይለቀው። ያኔ ያ እሑድ ጠዋት ውኃው ፊት ላይ ያየሁት ቀለማም ቆዳ ትዝ አለኝ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ እንደ ልጅ።

ሶላቱ አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ጀማል በሩን ክፍት አይቶ ገባ።

«አንተ! የቀረ ነገር አለ እንዴ ልትጨርስ የመጣኸው?»

«ና አሽት» አልኩት።

«ምኑን?»

«አፍንጫ የለህም? አሽት ነው የምልህ።»

ብልቃጧን ተቀበለኝ፣ አሸተተ፣ ፊቱ ተለወጠ። ዘሀራ ከጂዳ ስትመጣ ለአማቷ ያመጣችው ሽቶ ነው፣ ከሻንጣው አውጥቶ ለእናቱ የወሰደው ራሱ ነው፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ የለም።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከአሸዋው ውስጥ።»

ትንሽ አሰበና፣ «አንተ ራስህ ቀብረኸው ቢሆንስ? ራስህን ነፃ ለማውጣት?» አለኝ።

እውነት ለመናገር፣ ልክ ነበር፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይኼንኑ ነበር የምለው። የማቀርበው ምስክር የለኝም፣ አሸዋው ራሱ ተቆፈረ ብል ደግሞ ከዓይነ መጥፎ ወደ እብድ መሸጋገሬ ነው። «ከእናትህ ሳጥን ሰርቄ?» አልኩት። «ተነስ፣ እሳቸውን እንጠይቅ። አልሰጠሁም፣ ተሰርቆብኛል ካሉ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ፣ ወላሂ፣ ዛሬውኑ።»

እማማ ፋጡማ ሰግደው ጨርሰው መስገጃው ላይ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጀማል ብልቃጧን ከፊታቸው አስቀመጣት። አንስተው አገላበጧት። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፣ ለአራት ሳምንት ይዘውት የኖሩትን ትንፋሽ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ወጣልኝ።»

«እማ?» አለ ጀማል።

«እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ አዲስ ቤት ሲሠራ ምሰሶው ሥር ሽቶ ታፈስ ነበር፣ ለበረካ። የዘሀራ ቤት ምሰሶው ብረት ነው፣ ሥሩ ሲሚንቶ ነው፣ የት ላፍስ? የዱዓው ዕለት ሰዉ ሲበላ አሸዋው ውስጥ ቀበርኩላት፣ ትንሽ ትንሽ እንዲወጣ ክዳኑን አላልቼ። ጠዋት ስሰማ… አንተ እንዲያ ስትጮህ ፈራሁ ልጄ። እያደር ደግሞ አፈርኩ። እያደር ሲሄድ አፌ ተዘጋ።»

ጀማል ግድግዳውን በጡጫ መታው። «እማ፣ ወረቀቱ ተለጥፎ የለም ወይ? ምንም አታስገቡ ይላል እኮ በትልቁ!»

«ምን ትላለች ብዬ ጠይቄ ነበር» አሉ።

«እና ምን አሉሽ?»

እማማ ፋጡማ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ እኔ አለቀልኝ። ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩና፣ «ረሳሁት» አሉ።

ወዳጄ፣ ያ «ረሳሁት» ከጀማል ጩኸት ሁሉ ይበልጥ አመመኝ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት እየዘረጋሁ «ይቺ ምን ትላለች?» ያልኩ ሰው ነኝ፣ ስንት ጸሐፊ ስንት ባለሱቅ ፊቱን አዙሮብኛል፣ እና እኔ ተራዬ ሲደርስ ያደረግሁት ይኼንን ነው።

«አልረሱትም» አልኩ። «ማንበብ ለሚችል ናት ብያቸዋለሁ። እኔ ነኝ።»

እማማ ፋጡማ እጄን ያዙኝ፣ እጄ እስካሁን ያንን ሽቶ ይሸታል።

«ይማሜ» አሉኝ በኋላ፣ ጀማል ሲወጣ። «ከየት አገኘኸው? እኔ ሁለት ጊዜ ሰው በሌለበት ገብቼ፣ እስከ ክርኔ ድረስ እጄን ከትቼ አሸዋውን በሙሉ አገላበጥኩት እኮ። አልነበረም። ወላሂ እዚያ ውስጥ አልነበረም።»

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሐሙስ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሁለት ሸህና አንድ ቄስ፣ እንደ አገሩ ወግ። ጀማል ይቅርታውን ቤት ውስጥ ልጨርሰው አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ የተናገረው አስፋልት ላይ ነው፣ የሚመልሰውም አስፋልት ላይ ነው። ቆመ። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ። «ሰዎች፣ የይማም ዓይን ንጹሕ ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አፉ ይበሉኝ፣ አንቱ» አለኝ። አፉ አልኩት። ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት የገዛችኝ ሴት ከሰዉ መሀል ወጥታ «ዛሬ ቆሮሶ አለህ?» አለችኝ፣ «ዛሬ ዓሣ አሰኘሽ?» አልኳት፣ ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ሦስት ገዛች። በማግስቱ ጁምዓ ላይ የሰው ትከሻ ትከሻዬን ነካው። እንዴት እንደቀለለኝ በፊደል የሚጻፍ አይደለም።

ገንዳው አልተሸጠም። አሸዋውን ጥዬ አዲስ አሸዋ አጠብኩ፣ መስታወቱን ደጋግሜ አጠብኩ፣ ስድስት ሳምንት እንደገና ባዶ ውኃ አበላሁ፣ ዓሦቹም ሦስት ሦስት ሆነው መጡ። በፊት ግን እማማ ፋጡማን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወረቀቷን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስድስት ሳምንት የሚለው ላይ «እኛም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤት እናሰናዳ የለ» አሉ፣ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ገባቸው። አሁን ዘጠኙም ደህና ናቸው፣ ሳያቸው ማሻአላህ እላለሁ፣ ብዙ አይከብድም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ለማንም አልነገርኩም፣ ለዘሀራም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ በግድግዳው በኩል ባለው ጥግ አሸዋው ላይ ጉድጓድ አገኛለሁ። ክብ፣ እንደ ሳህን የተስተካከለ፣ የሁለት መዳፍ ስፋት። እነዚያ ጣት የማያህሉ ዓሦች ያንን አይቆፍሩም፣ አፋቸው የአሸዋ ቅንጣት ቢያነሳ ነው። ዘጠኙም ተሰልፈው ወደዚያ ጥግ ፊታቸውን አዙረው አገኛቸዋለሁ፣ ዝም ብለው፣ ትልቅ ሰው ሲናገር እንደሚሰሙ። ጉድጓዱን በእጄ አስተካክላለሁ። ውኃው እዚያ ጋ ይሞቃል። ብልቃጧን ያሳየኝ ያ የማይታየው ቆሮሶ ከሆነ ውለታው አለብኝ፣ ግን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ከዘመዶቹ ስንቱን እንደጠበስኩ እያወቀ፣ ለምን ለእኔ ያሳየኛል? ይኼን ሳስብ እጄን ቶሎ አወጣለሁ።

እኔ ግን የማውቀውን ብቻ ነው የምይዘው። የማውቀው ስሜ የተመለሰልኝን ቀን ነው፣ በራሴ እጅ በዚያች ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ፣ ከፈለግህ መጥተህ አንብበው፣ ማንበብ ካልቻልክም አነብልሃለሁ፦ ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን።